የአርባ ቧንቧ ደብተር

ይህን ደብተር ለከፈቱ አንባቢ፤

ወሬው የደረሰኝ ማክሰኞ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የምሠራው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ያን ቀን የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ላይ ነበርኩ። ማሽኑ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ የእርጥቡን አንሶላ ጫፍ አስተካክላ ታስገባለች፣ ሌላዋ በወዲያ በኩል ሲወጣ ተቀብላ ታጥፋለች። እኔ አስገቢ ነበርኩ። ተቀባይዋ ከቁመቷ የተነሳ ሁላችንም ቀጭኔ የምንላት ባልደረባዬ ነበረች። አለቃችን መጥቶ በር ላይ ቆመና ጠራኝ። ሌላ ጊዜ የሚጠራኝ እየጮኸ ነው፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ ነው የጠራኝ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል። "እስኪ ውጪ ነይ" አለኝ። እኔም "ይቺን አንሶላ ልጨርስ" አልኩት፤ ግማሹ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ነበርና። ጨረስኩ። ቀጭኔ ተቀብላ አጠፈችው። ከዚያ ወጣሁ።

ልጄ በሕይወት አለች ብዬ የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ ያ አንሶላ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ወደ ድንጋይ መፍጫው በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የሕዝብ ቧንቧ ጎንበስ ብላ ውሃ ስትቀዳ፣ ወደ ኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ሳያያት ቀረ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ከቀብሩ በኋላ በሃያኛው ቀን በስሟ ደብዳቤ መጣ። ከኮሌጅ ነው። ማመልከቷን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኮሌጁ መምህር ጋር የተጻጻፍነውን እዚህ አስቀምጫለሁ። እኔ መጀመሪያ በረቂቅ ስለምጽፍ የደብዳቤዎቼ ቅጂ እጄ ላይ አለ። የእሳቸውን ሁሉንም አላስገባሁም። ከእኔ ደብዳቤዎች ውስጥ እውነቱን የደበቅኩባቸው አሉ፤ እነሱንም ሳላርም እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

*

ኅዳር 9

ለወይዘሪት አመልካች፤

ማመልከቻዎና ከእሱ ጋር የላኩት ደብተር ደርሶናል። ትምህርትዎን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጡ ከትምህርት ቤትዎ የተጻፈው ወረቀት ያስረዳል። ኮሌጃችን በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰዎችን የሚቀበልበት ደንብ አለው፤ በዓመት ግን ከሦስት አይበልጡም። ደንቡ የሚጠይቀው፣ ትምህርትዎን በቅርብ የተከታተለ ሰው ምስክርነቱን በገዛ እጁ ጽፎ እንዲልክ ነው።

"ያስተማረኝ ወይም የተቆጣጠረኝ" በሚለው ቦታ ላይ "እናቴ፣ ልብስ አጣቢ" ብለው ሞልተዋል። ይህ ቀልድ ካልሆነ እናትዎ ይጻፉልን። ትምህርት ቤቱን ለምን ተዉት? ቀኑንስ እንዴት ያሳልፋሉ?

የመግቢያ ጉዳይ መምህር

*

ኅዳር 24

ለተከበሩ መምህር፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ።

መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው፤ አንድ ገጽ ሁለት ሦስት ቀን ይወስድብኛል። ልጄ ራሷ እንዳትጽፍልዎ አሁን አልተመቻትም።

ቀልድ አይደለም። እናቷ ነኝ፣ አጣቢም ነኝ። ያስተማርኳት ነገር ግን የለም። ለምን እንደዚያ ብላ እንደሞላች እኔም አልገባኝም።

ትምህርት ቤቱን የተወችው ሰልችቷት ነው። እሷ እንደምትለው አስተማሪው መጽሐፉን ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ እነሱ ከሰሌዳው ደብተር ላይ ይገለብጣሉ፣ ለፈተና ደግሞ ከደብተሩ መልሰው ይገለብጡለታል። እሷ መጽሐፉን በመጀመሪያው ወር ጨርሳዋለች። አንድ ቀን ወደ ቤት ስትገባ "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ብላት፣ "መምህሩ ከመጽሐፉ ውጪ ስድስት ነገር ተናገሩ እማዬ፤ አምስቱ 'ዝም በሉ' ነው" አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። ያን ጊዜ መሳቅ አልነበረብኝም ይሆናል።

መቅረት ስታበዛ ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ። "ልጅሽ ትዕግሥት የላትም። ሰው የሚያውቀውንም ቢሆን ቁጭ ብሎ ይሰማል" አሉኝ። እሷ አጠገቤ ቆማ "እርስዎ ይህንን ትምህርት ስንት ጊዜ ሰምተውታል?" አለቻቸው። በማሾፍ አልነበረም፤ ቁጥሩን ማወቅ ፈልጋ ነው። እሳቸው ግን እንደ ስድብ ቆጠሩት። የመልቀቂያ ወረቀቷን በዚያው ሳምንት ጻፉላት።

እኔ አፈርኩ። መንገድ ላይ ሰው እየሰማ "ሰነፍ!" አልኳት። ሦስት ሳምንት አኮረፍኳት። እሷ አታኮርፍም። ማታ ራቴን ከድና፣ ክዳኑ ላይ "እማዬ፣ ኩርፊያሽ ሲያልቅ የማጫውትሽ ነገር አለኝ" የሚል ወረቀት ታስቀምጥልኛለች። በመጨረሻ አቅም አጣሁ። "ቤት ተጎልተሽ ጣራ አትቆጥሪም። ጠዋት ከእኔ ጋር ወጥተሽ ማታ ከእኔ ጋር ትገቢያለሽ" አልኳት። እንደዚያ ሆነ። ሥራ ቦታዬ የሳሙና መጋዘን አለ፤ አንድ መስኮት አለው። እዚያ በርሜል ገልብጣ ጠረጴዛ አደረገችው። መጽሐፍ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰች ታመጣለች። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት፣ ሒሳቡን በእርሳስ፣ ሌላውን ሰው በመጠየቅ ነው የተማረችው። አጣቢዎቹ ሁሉ "እሜቴ ለምን" ነው የሚሏት። "መጣች ደግሞ እሜቴ ለምን፤ ሥራ ልታስፈታን ነው" ይላሉ፣ ቀርታ ሲያዩ ግን "ምነው ዛሬ?" ብለው ይጠይቁኛል።

ተቆጣጠረኝ ማለት ይህ ከሆነ፣ አዎ ተቆጣጥሬአታለሁ።

አክባሪዎ፣ እናቷ

*

ታኅሣሥ 8

ለተከበሩ መምህር፤

እንደምን አሉ? ቶሎ መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ጽሑፌ እንደሚነበብ ስለነገሩኝም ደስ ብሎኛል። ስጽፍ ማን እንደሚያርመኝ ጠይቀዋል፤ ከቁመቷ የተነሳ ቀጭኔ የምንላት ባልደረባዬ ናት፣ ይህንንም ያረመችልኝ እሷ ናት።

ልጄ ለምን ራሷ እንደማትጽፍ ደግመው ጠይቀዋል። መጻፍ ብትችል እኔን አታስቸግረኝም ነበር። እባክዎ ይህን ጥያቄ ለጊዜው ይተዉልኝ።

የደብተሩ ነገር የተጀመረው በስርቆት ነው። ባለፈው ዓመት ሳሙናችን ያለ ጊዜው ያልቅ ጀመር። አለቃችን ሁላችንንም መጋዘኑ በር ላይ አሰልፎ "ሳሙና እግር የለውም! ማን ነው የሚያወጣው?" አለ። የመጋዘኑ ቁልፍ በቀጭኔ እጅ ስለነበር ዓይኑን እሷ ላይ ጣለ። እሷም "ይፈትሹኛ! ግን ቁመቴን ሳይጨርሱ ጡረታ ይወጣሉ" አለችው። ሁሉም ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሌባው ካልተገኘ እሷን እንደሚያባርራት ተናገረ። ሦስት ልጆች አሏት።

ልጄ ከመጋዘኑ ውስጥ ብቅ ብላ "ሳሙናው በብዛት የሚያልቀው የጉድጓድ ውሃ በምትጠቀሙበት ቀን ነው?" አለችው። እኛ የከተማው ውሃ ሲቋረጥ ከግቢያችን ጉድጓድ ነው የምንስበው።

"አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?" አላት።

"ማንም። ራሴን ነው የጠየቅኩት።"

በሦስተኛው ቀን ሁለት ብልቃጥ ይዛ መጣች። በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው የጉድጓድ ውሃ፣ ሁለቱም በአንድ የሽሮፕ መስፈሪያ የተለኩ። ነጭ ሳሙና ፍቃ በአልኮል አሟሟታ በጠርሙስ ይዛለች። ከዓይን መድኃኒት በተረፈ ማንጠባጠቢያ ጠብ ታደርጋለች፣ ብልቃጡን ትንጣለች፣ እንደገና ጠብ ታደርጋለች። የቧንቧው በአሥራ አንድ ጠብታ አረፋው ሳይጠፋ ቆመ። የጉድጓዱ ሃያ ላይ የለም፣ ሠላሳ ላይ የለም። ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ። አለቃችን አላምን ብሎ ራሱ ናጠው። ክንዱ እስኪዝል ናጠው። እሷም በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ከድንጋይ የሟሟ ነገር እንዳለ፣ ሳሙናውን አስቀድሞ እሱ እንደሚበላው፣ ልብሱ የሚያገኘው ትርፉን ብቻ እንደሆነ አስረዳችው። ከባድ ውሃ ይባላል ብላናለች።

"እንዲህ ከሆነማ ሌባው ጉድጓዱ ነው" አለ።

"በሉ ይታሰር!" አለች ቀጭኔ። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በአንድ ግቢ ሁለት ዓይነት ውሃ ካለ በከተማው ስንት ይኖራል ብላ ከዚያ ወዲህ መዞር ጀመረች። አርባ ቧንቧ መረጠች፤ የሕዝብ፣ የትምህርት ቤት፣ የጋራዥ፣ የጸሎት ቤት። እሑድ እሑድ አብሬአት እሄድ ነበር። አረፋው አምስት ደቂቃ ሙሉ መቆም አለበት፤ ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ። "እማዬ፣ ሳይሞላ ሞላ እንዳትዪ" ትለኛለች። እኔ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው።

አክባሪዎ፣ እናቷ

*

ታኅሣሥ 18

ለተከበሩ እናት፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ሳሙናው የጻፉትን ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው፤ ጉድጓዱ ታሰረ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እስከ ሃያ ሁለተኛው ቧንቧ ድረስ ያለው ልኬት ንጹሕ ነው። ከሃያ ሦስተኛው ጀምሮ ግን ቁጥሮቹ ሁሉ ከፍ ይላሉ። ልጅዎ ይህን ራሷ ደርሳበታለች። ወደ መጀመሪያው ቧንቧ ተመልሳ ብትለካ አሥራ አንድ የነበረው አሥራ አምስት ሆኖባታል። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ "ጠርሙሱን ማንም አልነካውም፤ እናቴን ጠይቄአለሁ። ስህተቱ የእጄ ነው። አርባውንም በአዲስ ሳሙና እንደገና ለክቼ እልካለሁ።"

እስካሁን ግን የላከችው የለም። ጉባኤው ታኅሣሥ 30 ይሰበሰባል። ከመካከላችን አንዱ "እጇን የማታምን ልጅ ላቦራቶሪ አናስገባም" ብሏል። ሁለተኛው ልኬት ካለ ይላኩልኝ። በሃያ ሦስተኛው ቧንቧ አካባቢ ምን እንደተፈጠረም የሚያውቁት ነገር ካለ ይጻፉልኝ። የተመረጡት ጥር 20 ለቃል ፈተና ይቀርባሉ።

*

ታኅሣሥ 24

ለተከበሩ መምህር፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሁለተኛውን ልኬት በካርዶች ላይ ጽፋ በጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣው አገኘሁ። ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ሠላሳ አንድ ካርድ ነው። ቆጥሬአቸዋለሁ፣ እርስዎም ይቁጠሯቸው።

ስለ ሃያ ሦስተኛው ቧንቧ የማውቀው የለም። ለቃል ፈተና ስለ መምጣቷ በሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

እናቷ

*

ጥር 11

ለተከበሩ መምህር፤

ጉባኤው ልጄን ለቃል ፈተና እንደጠራት የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። አሥር ጊዜ አነበብኩት። ካርዶቹ ለምን ሠላሳ አንድ ላይ እንደቆሙና የትኛው ባቡር እንደሚመቻት ጠይቀዋል። መኝታ እንደሚዘጋጅላትም ጽፈዋል። ለዚህ ቸርነትዎ ከዚህ በላይ ልዋሽዎ አልችልም።

ልጄ የለችም። ጥቅምት 22 አርፋለች። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲመጣ ከተቀበረች ሃያ ቀኗ ነበር። ካርዶቹ ሠላሳ አንድ ላይ የቆሙት ሠላሳ ሁለተኛው ቧንቧ የሞተችበት ስለሆነ ነው። መኪና ነው።

አልተመቻትም ብዬ ስጽፍልዎ የማደርገውን አውቀው ነበር። ብነግርዎ ኖሮ አዝነው ፋይሉን ይዘጉት ነበር፤ ወይም አዝነው መልካም ቃል ይጽፉልኝ ነበር። መልካም ቃል ብዙ ሰምቻለሁ። ለቅሶ የመጣ ሁሉ ጎበዝ ነበረች ብሎኛል፤ ሰነፍ ነበረች ብሎ የሚያጽናና ማን አለ? ሰነፍ ያልኳት እኔ ነኝ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ። መሆን አለመሆኗን ሳያዝንልኝ የሚነግረኝ አንድ የተማረ ሰው ፈለግኩ። በሕይወት እንዳለ ሰው እንዲመረምሯት ፈለግኩ። ያታለልኩዎ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ውሸቴ ከዚህ ይብሳል። ስለ ሃያ ሦስተኛው ቧንቧ የማውቀው የለም ብያለሁ። አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት አብረን ስንሄድ የድሮ ጓደኞቿ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ለመጨረሻው ፈተና ሲያልፉ አየሁ። "እነሱ ሰው ሊሆኑ ነው። አንቺ አረፋ ቁጠሪ" አልኳት። እሷ ጓደኞቿን ሰላም አለቻቸው። ቀኑን ሙሉ ቆጨኝ። እኔ ደግሞ ልጄን ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም። ከሰዓት በኋላ መጋዘን ስገባ እሷ የለችም፣ ጠርሙሷ መስኮቱ ላይ ነው። ሩብ ያህል ብቻ ቀርቶታል። ከማጠቢያው በርሜል የሟሟ ሳሙና ቀድቼ እስከ አንገቱ ሞላሁላት። መልኩ አንድ ዓይነት ነው፤ የበርሜሉ የቀጠነ መሆኑ አልታሰበኝም። ደስ እንዲላት ነበር። ስታየው እኔ መሆኔን ታውቃለች፣ በዚያው እንታረቃለን ብዬ ነው።

እሷ ግን የሞላላት ሰው እንዳለ አልጠረጠረችም። ጠርሙሱ ሲያልቅ ራሷ እየቀላቀለች ስለምትሞላ፣ የዚያን ቀንም ራሷ ሞልታ የረሳች መሰላት። ሁለት ሳምንት ዞረችበት። በኋላ አንድ ማታ ራት እየበላን "እማዬ፣ ጠርሙሴን የነካ ሰው አለ?" አለችኝ። ፊቷ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዕቃ የሰበረ ልጅ ሆንኩ።

"ማን ይነካዋል?" አልኳት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ነገርኩሽ እኮ!"

"እሺ እማዬ። እንግዲያው እኔ ነኝ" አለች።

በማግስቱ ከመጀመሪያው ቧንቧ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛውን ዙር የዞረችው በእኔ ምክንያት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ዳግመኛ የሄደችው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ለቀጭኔም አልነገርኳትም፤ ይህን ደብዳቤ የሚያርምልኝ ሰው ስለሌለ ስህተቱን ይለፉልኝ።

ለዚያ ላቦራቶሪ አናስገባም ላሉት ሰው ይንገሩልኝ። እጇ ደህና ነበር። የተሳሳተው እጅ የእኔ ነው።

እናቷ

*

ጥር 21

ለተከበሩ እናት፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ከፈተናው አራት ቀን በፊት፣ ክፍሉን ላዘጋጅ ቁልፍ ይዤ ስወጣ ነበር የሰጡኝ። መልስ ለመጻፍ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ተቆጥቼ እንደነበር አልደብቅዎትም። ትናንት አራት ልጆች ሲፈተኑ አምስተኛው ወንበር ባዶውን ነበር። እዚያ የምትቀመጠውን ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ሳስባት ነበርና እኔም እንደ አቅሜ የሞተብኝ ሰው አለ። ቁጣው አልፏል። በእርስዎ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የጠየቁት ሳላዝን እንድነግርዎ ነው። ጉባኤው የወሰነው ታኅሣሥ 30 ነው፤ ያን ጊዜ ማናችንም አናውቅም። ከቃለ ጉባኤው ቃል በቃል ልገልብጥልዎ፤ "ሥራው የራሷ መሆኑ ግልጽ ነው። ሒሳቧ ከክፍሏ በላይ ነው፣ እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው። ስህተቷን ራሷ አግኝታ፣ ማንም ሳያስገድዳት ሠላሳ አንድ ቧንቧ ዳግመኛ በእግሯ ዞራለች። ትጠራ።" ይህ ነው። የእኛ ተማሪዎች ሁለተኛ ልኬት ሲባሉ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ እንኳ ለመሄድ ያጉረመርማሉ። ሰነፍ ለሚለው ቃል ከዚህ የተለየ መልስ የለኝም።

ጥፋት የሌለባት እንዳይመስልዎት ግን፣ በቃል ፈተናው የማነሳው አንድ ጥያቄ ነበረኝ። በአዲሱ ሳሙና የመጀመሪያው ቧንቧ ወደ አሥራ አንድ ተመልሶላታል። የተበላሸው ጠርሙሱ እንደሆነ ይህ ብቻውን ይነግራት ነበር። ቁጥሩ አንድ ነገር ሲላት፣ እርስዎ ሌላ ብለዋት፣ እሷ እርስዎን አመነች። በእኛ ሙያ ይህ ስህተት ነው። በሌላ ቦታ ምን እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ።

አሁን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ደብተሩና ካርዶቹ በአንድ ላይ ተጠርዘው በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎች ንባብ እንዲቀመጡ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ጉድለቱ ዘጠኙ ቧንቧ ነው። ሁለት ተማሪዎቼ መጥተው በእሷ አሠራር ሊለኩት ፈቃደኞች ናቸው። ወይም እርስዎ ራስዎ ይለኩት፤ እጇን ያዩ፣ ሰዓቷን የያዙ እርስዎ ነዎት። አርባው ከሞላ ሥራው ሙሉ ይሆናል። ምን ይላሉ?

*

የካቲት 5

ለተከበሩ መምህር፤

ጤና ይስጥልኝ። ሳያዝኑ ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእንግሊዝኛዋን ድካም ስለጻፉልኝ በተለይ አመሰግናለሁ፤ እሱን ሳነብ ሌላውንም አመንኩ።

ለቀጭኔ ነገርኳት። ማሽኑ ላይ ነበርን። የጠርሙሱን ነገር ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አንሶላው ወጥቶ እግሯ ሥር ተከመረ እንጂ አላጠፈችም። ዞራ መጥታ አጠገቤ ቆመች። "እኔን ከሌብነት አውጥታኛለች፤ አንቺን ከዚህ የሚያወጣሽ ማን እንደሆነ አላውቅም" አለችኝ። አልዋሸችኝም። ከዚያ ወዲህ ማታ እስከ ቤቴ ትሸኘኛለች።

ስለ ዘጠኙ ቧንቧ ያሉትን አሰብኩበት። ሠላሳ ሁለተኛው ድረስ ሄጄም ነበር። ብልቃጡን፣ ማንጠባጠቢያውን፣ ሰዓቱንም ይዤ ነበር። ውሃውን ቀዳሁ። ሴቶች ተሰልፈው ስለነበር "ምን ታደርጊያለሽ እህቴ?" አሉኝ። የመጀመሪያውን ጠብታ ላደርግ እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ውሃውን መልሼ ደፋሁት።

መምህር ሆይ፣ ዘጠኙን አልለካም። ተማሪዎችዎም እንዳይለኩት እለምንዎታለሁ። አርባው ቢሞላ ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። ግን ያኔም ደስ እንዲላት ብዬ ነው የሞላሁት። ሳልጠየቅ እጄን አንዴ ጠርሙሷ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ሁለተኛ አላስገባም። በሁለተኛው ልኬት ከሠላሳ ሁለት እስከ አርባ ያለው መስመር ቁጥሩ ተጽፎ፣ የቧንቧው ቦታ ተጽፎ፣ የጠብታው ሳጥን ባዶ ይሁን። እሷ የለካችው ይታወቅ፣ ያልለካችውም ይታወቅ።

አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። "ስህተቱ የእጄ ነው" ብላ የጻፈችውን አይሰርዙት፤ የእሷ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ግን በእኔ እጅ አንድ መስመር ልጻፍ። ደብተሩን ከመጠረዝዎ በፊት ይላኩልኝ፤ በሁለት ቀን እመልሰዋለሁ። የምጽፈው ይህ ነው፤ "ጠርሙሱን የነካሁት እኔ እናቷ ነኝ። ስትጠይቀኝ ዋሸኋት።" የሚያነበው ተማሪ በእሷ እንዳይፈርድ።

አክባሪዎ፣ እናቷ

*

አንባቢ ሆይ፤

መምህሩ ሁለቱንም ፈቅደውልኛል። ደብዳቤዎቹም ከደብተሩ ጋር ይጠረዙ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ይህን የከፈትከው ምናልባት ስለ ውሃ ልትማር ይሆናል፤ ወይም አንቺ ክፍል ሰልችቶሽ ቤተ መጻሕፍት የተደበቅሽ ልጅ ትሆኛለሽ። ቁጥሮቹን ተጠቀሙባቸው። እስከ ሃያ ሁለት ያሉት በሁለቱም ዙር ትክክል ናቸው፣ እስከ ሠላሳ አንድ ያሉትን ደግሞ ከካርዶቹ ውሰዱ። ባዶዎቹ ሳጥኖች ላይ ስትደርሱ እርሳሳችሁን አስቀምጡና አንድ አፍታ ቆዩ። ሃይማኖታችሁ ምንም ይሁን፣ በምታውቁት ቃል፣ ድምፃችሁን ሳታሰሙም ቢሆን፣ ይህችን ልጅ ነፍሷን ይማራት በሉልኝ። ስሟን ባታውቁትም የምትለምኑት እሱ ያውቃታል።

ለእኔ ገና ነው። እሷን አስቀድሙልኝ።